በደንብ መግቡልኝ ያለው ለጋሽ

ደሴ ማርኬቲንግ ተምሬ ወደ መካነ ሰላም ስመለስ የተመደብሁት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ነበር። ጎረቤቶቻችን «ገበያ ተምራ መጣች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አልፈርድባቸውም፤ ገበያ በየሳምንቱ ደጃፉ ላይ ለሚቆምለት ሰው ገበያ መማር ምን ትርጉም አለው? የተማርሁት ነገር መጀመሪያ ለሰው የበጀው በአረጋውያን መርጃው ማኅበር ነው። በጀ ልበል እንጂ፣ ያመጣውን ሁሉ ሳስብ ቃሉ አፌ ላይ ይቀዘቅዛል።

ማኅበሩ ያለው ከከተማው ዳር፣ ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ዘመድ የሌላቸው፣ ወይም ዘመድ እያላቸው የተረሱ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ይጦሩበታል። ሰብሳቢዋ ጠና ያሉ ሙስሊም ሴት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ ሸጠው ሱቁን ለልጃቸው ለቀውለት ነው ወደዚህ ሥራ የገቡት። እኔ እትዬ ነው የምላቸው። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ተገናኝተን አጠገባቸው ስቀመጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄን የተማርሽውን ገበያ ለኛ ብታደርጊው ምናለ?»

በማግሥቱ የማኅበሩን ፔጅ ከፍቼ አየሁት። የስብሰባ ፎቶ፣ የባነር ፎቶ፣ ሰው ቆሞ ዘይት ሲሰጥ የሚያሳይ ፎቶ። ከሥር ሁልጊዜ እነዚያው ጥቂት ሰዎች «በርቱ» ይላሉ። እትዬ ስልኩን ከእጄ ተቀብለው አዩና «በርቱ ወጥ አይሆን» ብለው መለሱልኝ።

ሰው ለ«አረጋውያን» አይሰጥም፣ ለአንድ ሰው ነው የሚሰጠው ብዬ አስረዳኋቸው። ፊቱን ማየት አለበት፤ ድምፁን መስማት አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ጣቱን ካላስቆምነው አልፎን ይሄዳል። ሲያለቅሱ የሚያሳይ ቪዲዮ በዝቷል፤ እኛ የሚስቅ ሰው ብናሳይስ? እትዬ ይሄን ሲሰሙ አላመነቱም።

«የሚስቅ ሰውማ አለን» አሉ።

የሚስቀው ሰው አባባ የምንላቸው ሽማግሌ ነበሩ። የወፍጮ ቤት ዘበኛ ሆነው ብዙ ዘመን ከተማው ውስጥ ኖረዋል፤ ጉልበታቸው ሲደክም እትዬ ናቸው ከወፍጮ ቤቱ ጓዳ አንስተው ያመጧቸው። አገራቸው ከመቅደላ በታች፣ የበሸሎ ቆላ ነው ይባላል። ስለዚያ ብዙም አይናገሩም፤ እኛም አንጠይቅም። ቪዲዮ ላነሳቸው እፈልጋለሁ ስላቸው ደስ አላቸው፤ ኮፍያቸውን አስተካክለው ወንበራቸውን ራሳቸው ወደ ብርሃኑ ጎተቱ።

«አባባ፣ አሁን ምን ቢሰጥዎት ይመኛሉ?» አልኋቸው።

ትንሽ አሰቡ። «ጥርስ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ጥርሱን ከሰጣችሁኝ ግን ሥጋውንም ጨምሩበት እንጂ፣ ባዶውን ምን ያደርግልኛል!» ብለው ሳቁ። ሲስቁ ድዳቸው እንዳይታይ በግራ እጃቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ዓይናቸው ውሃ ሞላ፣ አጠገባቸው ያሉት ሁሉ ምን እንደተባለ ሳይሰሙ አብረው ሳቁ።

ያንን ቪዲዮ ለቅቄ ወደ ሥራ ሄድሁ። ምሳ ላይ ስልኬን ስከፍተው አላመንሁም። ከአዲስ አበባ፣ ከዱባይ፣ ከጅዳ፣ ከማላውቀው አገር ሰው ይጽፋል። «ጥርሱን እኔ፣ ሥጋውን አንተ» እየተባባሉ ይቀላለዳሉ፤ እየቀለዱም ይልካሉ። በዚያ ሳምንት ፍራሽ ተገዛ። የሚያፈሰው ቆርቆሮ ተቀየረ። እትዬ ባዩኝ ቁጥር «አላህ እጅሽን ይባርከው» ይሉኝ ጀመር፤ እኔም እውነቱን ለመናገር ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብዬ ነበር የምሄደው።

ሰውየው የመጣው በዚያ ግርግር መሀል ነው። በፔጁ መልእክት መቀበያ በኩል ጻፈልኝ። ስም ባለበት ቦታ ሁለት ፊደል ብቻ ነበር፤ ፎቶው ላይ ከኋላው የታየ የተጫነ መኪና አለ።

«እግዜር ይስጣችሁ። የአዛውንቱ የግራ እጅ ጣት ምን ሆኖ ነው?»

ቪዲዮውን ደግሜ አየሁት። እውነትም አፋቸውን ሲሸፍኑ የቀለበት ጣታቸው ከሥሩ እንደሌለ ይታያል፤ ልብ ብሎ ላየ ብቻ። እኔ በየቀኑ እያየኋቸው አስተውዬው አላውቅም። አባባን ጠየቅኋቸው። «ወፍጮ ነው፤ ቀበቶው ወሰደው» አሉኝ። ያንኑ ጻፍሁለት።

«ወፍጮ ነው አሉ? ይሁን» ብሎ መለሰ። ወዲያው ብር ላከ፤ ከሥሩ «ለሳቂው አዛውንት» ይላል።

በተማርሁት ትምህርት ከሁሉ የሚበልጠው ለጋሽ የሚጠይቅ ለጋሽ ነው። አንድ ጊዜ ሰጥቶ ከሚጠፋ መቶ ሰው ይልቅ እየጠየቀ የሚቆይ አንድ ሰው ይሻላል፤ መልስ አትንፈጉት፣ ቤተሰብ አድርጉት ይባላል። ይሄኛው ደግሞ ይጠይቃል። ምን ይበላሉ? ወተት ያገኛሉ? ጥርስ ከሌላቸው ሥጋው ይደቅላቸዋል ወይ? ብርድ ይፈራሉ? ደረታቸው ደህና ነው? በጠየቀ ቁጥር እመልሳለሁ፤ በመለስሁ ቁጥር ይልካል። አንዴ ብቻ «የሚተኙት ለብቻቸው ነው ወይስ ከሰው ጋር?» ሲለኝ ጣቴ ቆም ብሎ ነበር። ቢሆንም ስለ አልጋ ሊጠይቅ ይሆናል ብዬ፣ አራት ሆነው አንድ ክፍል ውስጥ እንደሚተኙ ነገርሁት።

እንዲህ ያለ ለጋሽ በምስጋና መያዝ አለበት ብዬ አባባን ለእሱ ብቻ የሚላክ ምርቃት እንዲቀዱልኝ ጠየቅኋቸው። ጠዋት ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁት።

«ስምህን የማላውቀው ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥህ። የላክኸውን ወተት ጠጥቻለሁ። ከክፉ ይሰውርህ። ልጅህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፣ አባትህን አይንሳህ።»

እሱን ላክሁለት። አየው። መልስ ለመጻፍ ሲጀምርና ሲተው፣ ሲጀምርና ሲተው ይታየኝ ነበር። በመጨረሻ ሁለት ቃል ብቻ መጣ።

«አባቴን ነስቶኛል።»

እኔ ምስኪን የሞተበት መስሎኝ «ነፍስ ይማር» ብዬ ጻፍሁለት። ሳያየው ኔትወርክ ጠፋ።

በኛ አገር ኔትወርክ ሲጠፋ ለስንት ጊዜ እንደሆነ የሚነግርህ የለም። ሰው መጀመሪያ ስልኩን እያነሳ ይፈልጋል፣ ከዚያ ይለምደዋል። እርዳታው ቆመ፤ እትዬ ከነጋዴዎቹ እህል እየለመኑ አሳለፉት። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ተቀምጬ ሳለሁ ስልኬ ጠረጴዛው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረና አላቆም አለ። የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወረደ። ከሁሉ የበዛው የሱ ነበር።

«ለምን ዝም አላችሁ?»

«ታሟል?»

«አንዱን ንገሩኝ፣ በሕይወት አለ?»

«ቪዲዮ ላኩ። የዛሬ መሆኑን የሚያሳይ።»

የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «በደንብ መግቡልኝ። እስክመጣ እንዳይሞት።»

ቢሮው ውስጥ ሌላ ሰው ነበር፤ አጠገቤ የነበረችው ልጅ «ምን ሆንሽ? ፊትሽ ጠፋ» አለችኝ። ከመጀመሪያው ጀምሬ የጻፈውን ሁሉ ደግሜ አነበብሁት። አንዱም ቃል አልተቀየረም፤ ወተቱም፣ ሥጋውም፣ ብርዱም እዚያው ናቸው። እኔ ግን አሁን በሌላ ድምፅ ነበር የምሰማቸው። የሚታረድ በሬ እንዲህ ነው የሚጠየቅለት።

ሮጬ እትዬ ዘንድ ሄድሁ። አነበብሁላቸው። እሳቸው መልስ ሳይሰጡኝ ተነስተው አባባ ወደተቀመጡበት ወሰዱኝና «አንብቢላቸው፣ የእሳቸው ነው» አሉ።

አነበብሁላቸው። አባባ አልደነገጡም፤ ያ ነው ያስፈራኝ። ሲጠብቁት የቆዩት እንግዳ መድረሱን የሰሙ መሰሉ። ከዚያ ግራ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው አዩት።

«ወፍጮ አይደለም» አሉ።

የነገሩን አጭር ነው። በጉርምስናቸው ከጎረቤታቸው ጋር በድንበር ተጣሉ፤ አንዲት የማሽላ መደብ ናት። ሰውየው በማጭድ ጣታቸውን ቆረጠው፤ እሳቸው ደግሞ በያዙት ነገር መትተው ገደሉት። ሰውየው ሚስት ነበረው፤ እርጉዝ ነበረች። አባባ ሸሹ፣ ተያዙ፣ ተፈረደባቸው፣ ታስረው ጨርሰው ወጡ። ሲወጡ ወደ አገራቸው አልተመለሱም። እግራቸው እንደመራቸው ተጉዘው ማንም የማያውቃቸው ከተማ ገቡ።

«መንግሥት የፈረደብኝን ጨርሻለሁ» አሉ። «ደሙ ግን አልደረቀም። ሽማግሌም አልገባበትም፣ የደም ካሳው፣ ጉማም አልተከፈለበትም። ልጁ ወንድ እንደነበር ሰምቼ ነበር።»

«ታዲያ ቪዲዮ ላንሳ ስልዎት ለምን እሺ አሉኝ?» አልኋቸው፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«ልጄ፣ እኔ ያንን ነገር እዚሁ መካነ ሰላም የሚታይ መስሎኝ ነው።»

እትዬ መሐረባቸውን እያስተካከሉ «ያ ረቢ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ቪዲዮውን እንዳጠፋው አዘዙኝ። ወዲያው አጠፋሁት። ግን ምን ዋጋ አለው? ሌሎች ገልብጠውታል። አንዱ የዋሽንት ድምፅ ጨምሮበታል፤ ሌላው «ይህን አባት ያላየ ልብ የለውም» የሚል ጽፎበታል፤ የኛን የባንክ ቁጥር ሳይቀር ይዘው በየቦታው ይዞራሉ። አንዱን ባለፔጅ እባክህ አውርደው ብዬ ብጽፍለት «እህቴ፣ በጎ ሥራ ነው፣ ለምን ትከለክያለሽ?» ብሎ መለሰልኝ።

ፖሊስ ጣቢያም ሄደናል። ተረኛው መልእክቶቹን በትዕግሥት አነበበና ስልኩን መለሰልኝ። «በደንብ መግቡልኝ ያለ ሰው ምን ብዬ ልያዘው?» አለ። እትዬ ቀድመው ወጡ፤ እኔም ተከተልኋቸው።

በኛ አገር ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎች አሉ፤ አባጋር እንላቸዋለን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በእነሱ ይዳኛል። እትዬ አንድ ሸህና አንድ ቄስ ለመኑ፤ ሁለቱም የታወቁ አስታራቂዎች ናቸው። ለሰውየው መጻፍ ደግሞ የኔ ድርሻ ሆነ። ብዙ ጊዜ ጽፌ አጥፍቼ በመጨረሻ፣ «ሽማግሌ ይዘናል፣ እባክህ ና፣ በሰላም ተነጋገሩ» አልሁት።

«ምን ሽማግሌ ያስፈልጋል?» አለ። «እኔ እርዳታ ነው የላክሁት።»

ከዚያ መጻፉን ተወ። የሚልከው ብር ግን አልቆመም። አባባ ወተት ሲቀርብላቸው «የሱ ነው?» እያሉ ይጠይቃሉ። እትዬ «ወተቱ የላሚቱ ነው፣ ጠጡ» ይሏቸዋል። ጠጅ የተሰጣቸው ያህል ኩባያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ረጅም ጊዜ ያዩታል፤ አንዳንዴ ይጠጡታል፣ አንዳንዴ አጠገባቸው ላለው ያሳልፉታል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁላችንም ዞር እንላለን። ዘመዱን ሊጠይቅ የመጣ ሰው፣ እንጨት ያመጣ ሰው፣ ውሃ ሊለምን የገባ መንገደኛ፣ ሁሉም እሱን መሰለን። አዲስ ቪዲዮ መልቀቅም ፈራሁ።

የመጣው በገበያ ቀን፣ ከረፋዱ ላይ ነው። አርባውን ያለፈ፣ ንጹሕ ጃኬት የለበሰ፣ ጢሙን የተላጨ ሰው በሩ ላይ ቆሞ «ቤቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ» አለ። አንድ ፌስታል ስኳርና ሳሙና፣ በሌላው ክንዱ ደግሞ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ማንነቱን ሳይነግረን ለሁሉም አዛውንት እየዞረ እጅ ነሳ። አባባ ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

«ሥራዬ እህል ነው፤ ደጎሎ ነው የምኖረው» አለ ወደ እኛ ዞሮ። «መኪና ይዤ ስንት ጊዜ በዚህ በር አልፌ ሄጃለሁ። እዚህ መሆናቸውን አላውቅም ነበር።»

እትዬ ሰው ልከው ሸሁንና ቄሱን እስኪያስጠሩ ድረስ እኔ መሀላቸው ቆሜ ነበር። ምን ላደርግ እንደቆምሁ አላውቅም። ሰውየው ወንበር ስቦ አባባ ፊት ተቀመጠ፣ ወረቀቱን ፈታ። አዲስ ጋቢ ነው። ጉልበታቸው ላይ አኖረላቸው።

አባባ ጨርቁን በጣታቸው ዳሰሱት። «መገነዣ ነው?»

«ብርድ ነው ብዬ ነው» አለ። «እጅዎን ያሳዩኝ።»

ዘረጉለት። ጣቱ ከነበረበት ቦታ ላይ አውራ ጣቱን አሳረፈ።

«እናቴ ይሄን ስትነግረኝ ነው ያደግሁት። ፊትዎን እኔ አላውቀውም ነበር፤ ጣት የጎደለው ሰው ፈልግ ነው ያለችኝ። ገና በእግሬ መሄድ ከጀመርሁ አንስቶ የሰው እጅ ሳይ ነው የኖርሁት።»

«እናትህ አለች?»

«ሞተች። ቪዲዮው ሳይወጣ።»

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰውየው አንቱ ከማለት አልወረደም። ሰድቦ ቢሆን፣ ጮሆ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅዎት» አለ። «አባቴ ሲወድቅ ምን አለ?»

ሸሁና ቄሱ በሩ ላይ ደርሰው ነበር፤ ሁለቱም ሳይገቡ ቆሙ።

«ውሃ አለ» አሉ አባባ።

«ሰጡት?»

«አልሰጠሁትም። ሸሸሁ። የውሃው ቅል አጠገቤ ነበር።»

ሰውየው እጃቸውን ቀስ ብሎ ለቀቀና ተነሳ። ወደ መስኮቱ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ቄሱ ገብተው መስቀላቸውን አወጡ፤ ሸሁ ዱዓ ጀመሩ። ሁለቱም ተራ በተራ ለመኑት። ስለ ፈጣሪ አሉት፣ ስለ እናትህ ነፍስ አሉት፣ ሽምግልናቸውን እይ አሉት። እሱ ከመስኮቱ አልራቀም። በመጨረሻ ሸሁ፣ «ይቅርታውን ዛሬ አንልህም። ቀጠሮ ስጠን፤ እስከዚያ ቃልህን ስጠን» አሉት።

«ከአጨዳ በኋላ» አለ ሳይዞር። «እስከዚያ ምንም አልነካቸውም። እንደወጉ ድንጋይ ተሸክመው ይጠብቁኝ።» ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ። «እስከዚያ ግን በደንብ መግቡልኝ።»

በደል ያለበት ሰው ሲታረቅ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ ፊት ጎንበስ ብሎ ይቀርባል፤ ተበዳይ «ጣለው» ሲለው ነው የሚጥለው። አባባ ያን ቀን ካለፈ በኋላ ሥራቸው ድንጋይ መምረጥ ሆነ። ግቢው ዳር የፈረሰ ካብ አለ፤ በምርኩዛቸው እየተጎተቱ ይሄዱና አንዱን አንስተው፣ አስቀምጠው፣ ሌላውን ያነሳሉ። እኔም አንዳንዴ ከቢሮ ስመለስ አብሬያቸው እመርጣለሁ።

«ይሄ ቀለለ» ይላሉ። «ይሄን ባቀርብለት አባቱን እንደ መናቅ ነው።»

«ያኛው ደግሞ ይጥልዎታል።»

«ቢጥለኝ ምናለ?»

በመጨረሻ ጥቁር፣ የዳቦ ቅርጽ ያለው ድንጋይ ተገኘ። በራቸው አጠገብ አኖሩት። ጋቢውን ለበሱት፤ ብርዱ እየበረታ ነበርና። ሳቃቸው ግን ቀረ። የአልጋ ጎረቤታቸው ሲቀልድ ፈገግ ለማለት ይሞክራሉ፤ እጃቸው ወደ አፋቸው ይሄድና መንገድ ላይ ቆሞ ይመለሳል።

ከደጎሎ በኩል አጨዳ ተጀመረ ሲባል ደረታቸው ታመመ። ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው፤ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ሁለት ቀን ተሻላቸው። ከዚያ አንድ ጠዋት እትዬ አጥሚት ይዘውላቸው ሲገቡ አርፈው አገኟቸው።

መደወል ያለብኝ እኔ ነበርሁ። እስከዚያ ቀን በድምፅ አናግሬው አላውቅም። አነሳ። ነገርሁት። ለረጅም ጊዜ የመኪና ሞተርና የጫኚዎች ጩኸት ብቻ ነበር የሚሰማኝ።

«ማን ነበር አብሯቸው?» አለ።

«አብረዋቸው የሚተኙት አልሰሙም። እንቅልፍ ላይ ነው ያረፉት።»

«ውሃ አልጠየቁም?»

«አላውቅም» አልሁት። እውነቴን ነው፣ አላውቅም።

«በቀጠሮው እመጣለሁ» ብሎ ዘጋው።

ምን ፈልጎ ነው የሚመጣው? ይህ ጥያቄ ማኅበሩን ያዘው። ደም ያለበት ሰው ዘመድ ሲኖረው ደሙ ወደ ዘመድ ይተላለፋል፤ አባባ ግን ማንም የላቸውም። አንዳንዶቹ አዛውንት በሩ ይዘጋ አሉ። ቄሱ «መምጣቱ ለመልካም ይሆናል» አሉ፤ ግን እሳቸውም ሲናገሩ ወደ መሬት ያዩ ነበር። እኔ በቀኑ ከቢሮ ፈቃድ ወስጄ ሄድሁ።

መጣ። ያንኑ ጃኬት ለብሷል፤ አሁን እጁ ባዶ ነው። ሸሁና ቄሱ ግቢው ውስጥ ዛፉ ሥር ተቀምጠዋል፤ ወንበር ሰጡት፤ ፊት ለፊቱ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ማንም የመጀመሪያውን ቃል አልተናገረም።

ያኔ እትዬ ከቤት ወጡ። ጥቁሩን ድንጋይ ጀርባቸው ላይ በነጠላ አዝለው፣ ከወገባቸው ጎብጠው፣ እየተንገዳገዱ። ልደግፋቸው ስነሳ በዓይናቸው ከለከሉኝ። እፊቱ መጥተው አንገታቸውን ደፉ።

«ዘመዱ እኛ ነን» አሉ። «አብረን በልተናል። ባለ ደምህ እኔ ነኝ።»

ሰውየው ቀና ብሎ አያቸው። ፊቱ ላይ ምን እንዳለ ማንበብ አልቻልሁም። የእትዬ ላብ ከግንባራቸው መሬቱ ላይ ይንጠባጠባል። ሸሁ በከንፈራቸው ይዘውት የነበረውን ዱዓ አቋረጡ። እሱ እያየ ቆየ፤ እኔ እንደሚመታቸው እርግጠኛ ሆንሁ።

«ያስቀምጡት፣ እትዬ» አለ። «ይከብድዎታል።»

ድንጋዩን ራሱ ተቀብሎ መሬት አኖረው። ቄሱ ፈጥነው «ምሬያለሁ በል፣ ልጄ» አሉት።

«ማንን?» አለ። «የሚማረውማ ሄደ።»

ሽማግሌዎቹ ከዚያ በላይ አልገፉትም። ምግብ ቀረበ፤ ከእኛ ጋር ቆርሶ በላ፤ አብሮ ከበላ ደሙ ደርቋል ብለው መረቁ። ቄሱ እስከ ዛሬ «ይቅር ብሏል» ይላሉ። ሸሁ «አላህ ያውቃል» ነው የሚሉት። እትዬ አንዱንም አይሉም፤ ወገባቸው ከዚያ ቀን ወዲህ አልቀና ብሏል።

ሊሄድ ሲል እስከ በሩ ሸኘሁት። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። አባባ ይስቃሉ፤ ያው ጥርስና ሥጋ። ስልኩ ውስጥ አስቀምጦታል።

«የአባቴ ፎቶ የለኝም» አለ። «በዚያ ዘመን ቆላ ማን ፎቶ ያነሳ ነበር? ከዚያ ቀን የተረፈኝ ይሄ ሰውዬ ብቻ ነው።» ቪዲዮውን እንደገና አስጀመረው፤ ሳቁ በሩ ላይ ተሰማ፤ ውስጥ ያሉት አዛውንት ወደ በሩ ዞሩ። «ማታ ማታ አየዋለሁ» ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተና ወደ መናኸሪያው ሄደ።

ቪዲዮው አሁንም ይዞራል። የገለበጡት ሰዎች በየጊዜው እንደ አዲስ ይለቁታል፤ በለቀቁት ሰሞን እርዳታ ይገባልናል። «ዕድሜ ይስጥልን አባታችን» ይላል ሰው። ከሥር «አርፈዋል» ብዬ እጽፋለሁ፤ ከኔ በኋላ ሌላ መቶ ሰው ዕድሜ ይመኝላቸዋል። ከደጎሎም ይመጣል፤ መልእክት ግን የለውም። ለማን እንደሚልክ አልጠየቅሁትም።

ማኅበሩ መብላት አለበትና እኔም ሥራውን አልተውሁም። ሰው ከማንሳቴ በፊት ግን አሁን ለብቻ ቁጭ አድርጌ እጠይቃለሁ፤ ይሄ ነገር ዓለም ሁሉ ያየዋል፣ የሚፈልግዎት ሰው ይኖራል ወይ እላለሁ። አብዛኞቹ «ማን ይፈልገኛል ብለሽ!» ብለው ይስቃሉ። ባለፈው ሰሞን ከከላላ በኩል የመጡ አንዲት አሮጊት ገብተው ነበር፤ ፊታቸው ያምራል፣ አነጋገራቸው ይጣፍጣል፣ ለካሜራ የተፈጠሩ ናቸው። ጥያቄውን ጠየቅኋቸው። አልሳቁም። ስልኬን አዩት፤ በሩን አዩት፤ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ግማሽ ፊታቸውን ሸፈኑ።

«እኔን አታንሺኝ፣ ልጄ» አሉ።

ለምን ብዬ አልጠየቅኋቸውም። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ አልጋቸውን ከመስኮቱ ራቅ አደረግሁላቸው።